የስንዱ የፈተና ወረቀት

ለንስሐ አባቴ የምናገረው ኃጢአት አጥቼ አላውቅም። በጾም ዓሣ በላሁ እላለሁ፤ ጎረቤቴን አማሁ እላለሁ፤ ቅዳሴ አረፈድሁ እላለሁ። እሳቸውም ስግደት ይሰጡኛል፤ እኔም ሰግጄ፣ ጉልበቴን እያሸሁ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ለባሌም አልነገርሁም፤ ለእህቴም አልነገርሁም። አምስት ዓመት ሙሉ ዓሣውን እየተናዘዝሁ ወረቀቱን ደበቅሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ነገ በመንገድ ብታገኙኝ ሰላም ብላችሁኝ ታልፋላችሁ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ።

ሥራዬ የጤና መረጃ ባለሙያ ይባላል። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ስሙን ተዉት። ሰው “ካርድ ክፍል” ይለናል፤ ካርድ ፈልገን የምናወጣ ብቻ ይመስለዋል። የታከመውን፣ የወለደችውን፣ የሞተውን መዝግበን፣ ደምረን፣ በየወሩ ሪፖርት የምንልክ እኛ ነን። “ያልተመዘገበ አልተሠራም” የሚል አባባል አለን፤ እኔ ራሴ ለስንት ተለማማጅ አስተምሬዋለሁ። እንደ ነርሱና እንደ ሐኪሙ እኛም የሙያ ፈቃድ አለን። ፈቃዱ ደግሞ አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር አይደለም፤ በየጊዜው ስልጠና ወስደን፣ ተፈትነን፣ ነጥብ አጠራቅመን ነው የሚታደስልን። ነጥቡ ያልሞላለት ፈቃዱ አይታደስም፤ ፈቃዱ ያልታደሰለት ለእድገትም ለዝውውርም አይወዳደርም። ይህን ያዙልኝ፤ የእኔ በደል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስንዱን ያወቅኋት ለልምምድ ወደ እኛ ክፍል ስትመጣ ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ ያለችው የደቅ ደሴት ልጅ፣ የቄስ ልጅ፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ። ካርድ እንዴት እንደሚደረደር ያስተማርኋት እኔ ነኝ። መዝገብና ሪፖርት እንዴት እንደሚመሳከር ያሳየኋት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የሪፖርት ስሕተት ፍለጋ ግማሽ ቀን ስዳክር ዋልሁ። ስንዱ ከኋላዬ ቆማ ነበር። በጣቷ ነካ አድርጋ፣

“እታለም፣ ይኼ ቁጥር ከዚያኛው ጋር አይጣላም?” አለችኝ።

ተጣልቶ ነበር። እንዴት ታየሽ ብላት “እኔ እንጃ፣ ዓይኔ ላይ መጣብኝ” አለች፤ ያጠፋች ይመስል አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ላገኘሁት ሰው ሁሉ “ምን የመሰለች ልጅ መጣችልኝ” እያልሁ አወራሁ። ቤቴ ስገባ ግን እህል አልወርድ አለኝ።

ቅናት እንዲህ አድርጎ ነው የጀመረኝ። እኔ ስሙን አልጠራሁትም። ድካም ነው አልሁ፤ ጨጓራዬ ነው አልሁ። ተመርቃ ደቅ ጤና ጣቢያ ስትመደብ ሁሉም “ምነው ከተማ በሆነላት” ብሎ ሲያዝንላት እኔም ከንፈሬን መጠጥሁ። ውስጤ ግን ሐይቁ በመካከላችን ስለገባ ደስ ብሎት ነበር። ምን ያደርጋል፣ ደስታው አልበረከተም። በግምገማ ስብሰባ ላይ አለቃችን የስንዱን ሪፖርት ከፍ አድርጎ፣ “ውኃ አቋርጦ የመጣው ሪፖርት እንዲህ ጥንቅቅ ብሎ፣ ከተማ መኻል ተቀምጣችሁ የእናንተ ምነው?” አለን። ያየው ወደ እኔ ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ስንዱ ተነሥታ፣ “እኔን ያስተማረችኝ እታለም ናት፤ ምስጋናው የእሷ ነው” አለች። ሰው አጨበጨበልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ምስጋናዋ አቃጠለኝ። ከእሷ እጅ የተቀበልሁት ሁሉ፣ ደግ ነገሩም ሳይቀር፣ ስለ ምን ነበር የሚያቃጥለኝ? እሷ ምን አደረገችኝ? ምንም። ምንም አላደረገችኝም፤ ጎበዝ ነበረች እንጂ።

ስንዱ አግብታ ወልዳለች። ባሏ አስተማሪ ነው፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ነው የሚኖረው። ልጃቸው ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አስም ስላለባት ሐኪም እንዳይርቃት ከአባቷ ጋር ከተማ ትኖራለች። እናትየው የምታያት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ ያውም ሐይቁ ሰላም ሲሆን። ስለዚህ በእኛ ሆስፒታል የመረጃ ክፍል ኃላፊ ቦታ ሊወጣ ነው ሲባል፣ ያን ቦታ ከእኔ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። ከእኔ ይልቅ የሚገባው ሰው ቢኖርም እሷ ነበረች። ይህን ዛሬ የገባኝ አድርጌ አልነግራችሁም። ያኔም አውቀው ነበር።

ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት የዓመቱ የመጨረሻ ስልጠና ተጠራ። ስንዱ ፈቃዷን ለማሳደስ የቀራት የዚያ ስልጠና ነጥብ ብቻ ነበር። ማዕበሉ በከፋባቸው ወራት ሁለት ስልጠና አምልጧታል፤ ይኼኛው ካመለጣት ሌላ የለም። ይህንንም ሌላ ሰው አልነገረኝም፤ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ለእኔ የማትነግረው ነገር አልነበራትምና።

በእኛ ስልጠና ላይ አንድ ልማድ አለ። በዕድሜ ገፋ ያለው ሰው የክፍሉ ተወካይ ይባላል። የመፈረሚያውን ወረቀት ይዞ ጠዋትና ከሰዓት የሚያስፈርም፣ የፈተና ወረቀት የሚሰበስብ እሱ ነው። ተወካይዋ እኔ ሆንሁ። ያልመጣ ሰው ካለ ጓደኛው “ፈርሚለት” ይለኛል፤ እፈርምለታለሁ። ሁሉም ያደርገዋል፤ ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም። በሦስተኛው ቀን ስንዱ ልጇ ታማባት አረፈደች። ሳይነግሩኝ ቀድሜ ፈረምሁላት። ዕወቁልኝ፣ ያኔ ገና ክፉ አላሰብሁባትም፤ ለሰው ሁሉ የማደርገውን ነው ያደረግሁላት። መጥታ ፊርማውን ስታይ ፊቷ ልውጥውጥ አለ።

“እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያልነበርሁበትን ግን ነበርሁ አልልም፤ እባክሽ ሰርዥልኝ።”

በሰው ፊት ሰረዝሁት። አሰልጣኙም “የግማሽ ቀን ነገር ችግር የለውም” ብሎ አሳለፈላት። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። በማን እንደሳቁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ግን በእኔ አድርጌ ወሰድሁት። ልጅቱ የእኔን ፊርማ ሐሰት አደረገችው ብዬ ያዝሁባት። ሐሰት አልነበረም ወይ?

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ፈተና ሆነ። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ የደቅ ጀልባ አምስት ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ደግሞ ስንዱ የወር ሪፖርት የምትዘጋበት ነበር። አሰልጣኙን አስፈቀደች። እሱም “ስትጨርሺ ለተወካይዋ ስጪና ሂጂ” አላትና ስልክ ሊያነጋግር ወጣ። ከሁላችንም ቀድማ ጨረሰች። ቦርሳዋን በትከሻዋ አድርጋ መጥታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

“እታለም፣ አደራ።”

“ሂጂ፣ ነፋሱ ሳይቀድምሽ” አልኋት።

አደራ ነው ያለችኝ። በእኛ አገር ይህ ቃል እንዲሁ የሚነገር አይደለም፤ ሰው ልጁንም ቤቱንም በዚህ ቃል ሰጥቶ ይሄዳል። እኔም ሰምቼ ተቀበልሁ።

መጀመሪያ ወረቀቷን ከእኔ ወረቀት ሥር አደረግሁት። ትንሽ ቆየሁና ከላይ አደረግሁት። ያቃቱኝ አራት ጥያቄዎች ነበሩ። የሷን መልስ አየሁ። የመጀመሪያውን ሳይ “ለማመሳከር ነው” አልሁ። ሁለተኛውን ሳይ ምንም አላልሁም። አራቱንም ገለበጥሁ። እኔ፣ መምህሯ፣ ከተማሪዬ ገለበጥሁ። ያ እጅ ጽሑፍ ደግሞ ያስተማርኋት እጅ ጽሑፍ ነበር፤ ቁጥሮቿን እንደ እኔ ለየት ለየት አድርጋ ነው የምትጽፋቸው። ገልብጬ ስጨርስ ወረቀቷን ከሌሎቹ ጋር አልቀላቀልሁትም። ደብተሬ ውስጥ አደረግሁት።

ለብዙ ጊዜ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ነበረኝ። አራሚው የሁለታችንን መልስ አንድ ሆኖ ሲያገኘው መኮረጄን ያውቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው እል ነበር። ውሸት ነው። በምርጫ ጥያቄ ሁለት ሰው ሁሉንም ቢመልስ ማን ምን ይላል? ፈርቼ አይደለም ያስቀረሁት። ቀንቼ ነው። ያ ወረቀት ከገባ ነጥቧ ይሞላል፤ ነጥቧ ከሞላ ትወዳደራለች፤ ከተወዳደረች ታሸንፈኛለች። በዚያች ቅጽበት ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስቤዋለሁ። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል እንኳ፣ ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ።

አሰልጣኙ ሲመለስ ወረቀቱን አስረከብሁት። “ሁሉም ገብቷል?” አለኝ። “ሁሉም” አልሁት።

ወደ ቤቴ የሄድሁት በሐይቁ ዳር በኩል ነው። ጀልባዋ ከብዙ ርቀት ላይ ገና ትታይ ነበር። መመለስ አልችልም ነበር? እችል ነበር። አሰልጣኙ እዚያው ግቢ ምሳ እየበላ ነበር፤ “አንዲት ወረቀት ተረስታብኝ” ማለት ይበቃኝ ነበር። ማንም አይቆጣኝም፤ እንዲያውም ይስቁብኝና ያልፍ ነበር። ቆሜ ጀልባዋን እስክትጠፋ አየኋት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ቀዳድጄ ከከሰል ምድጃው ጨመርሁት። ሲነድም ፊቴን አላዞርሁም፤ ቆሜ አየሁት።

ውጤቱ ሲመጣ አንደኛ ወጣሁ። በስንዱ ስም ትይዩ “አላጠናቀቀችም” ይላል። በዚያው ቀን ደወለችልኝ።

“እታለም፣ ወረቀቴን አስገብተሽልኝ ነበር አይደል?”

“ምን ማለትሽ ነው? ከሌላው ጋር አድርጌ በእጄ ነው የሰጠሁት!” ተቆጣሁ። እኔ ነበርሁ የተቆጣሁት።

“አይ፣ አንቺማ ታስገቢዋለሽ። እንዲያው መጠየቄ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከእነሱ ዘንድ ጠፍቶ ነው” አለች።

ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታ አደረግሁላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት እንዲህ ነው።

ሁለት ጊዜ ሐይቁን አቋርጣ መጥታ ፈቃድ የሚታደስበት ቢሮ ደጅ ጠናች። አሰልጣኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ነበር፤ በስልክ ሲጠየቅ የተረከበውን ብቻ እንደሚያውቅ ተናገረ። የቢሮው ሰው የነገራት እኔ ሳስተምራት የኖርሁትን ነው፤ “ልጄ፣ ያልተመዘገበ አልተሠራም” አላት። አንድ መንገድ ግን እንዳለ አሳያት። በተወካይዋ ላይ አቤቱታ ብታስገባ ተወካይዋ ትጠየቃለች፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የተወካይዋም ውጤት ይታገዳል። ስንዱ አልጽፍም አለች። ይህን የሰማሁት በኋላ፣ እዚያው ቢሮ ከምትሠራ አንዲት ሴት ነው። “እሷ ለትልቅ ቦታ ልትወዳደር ነው፤ በእኔ የተነሣ ስሟ አይነሣባትም” ብላ ተመልሳ ሄደች አለችኝ። ሴትዮዋ ይህን የነገረችኝ ደስ እንዲለኝ ነበር። “ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግሽው!” አለችኝ።

ያን ጊዜስ ልቤ አልተሰበረም? እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ጸጸቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ከጸጸቱም ጋር ቅናቱ ተመልሶ መጣ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እጽፍ ነበር። ያለ አንዳች ማመንታት እጽፍባት ነበር። በዚህም በለጠችኝ።

ማስታወቂያው ወጣ። ስንዱ ፈቃዷ ስላልታደሰ ስሟ ከተወዳዳሪዎች አልተቆጠረም። ቦታውን እኔ አገኘሁ። ከደቅ በጀልባ ጌሾ ላከችልኝ፤ “ለደስታሽ ጠላ ጥመቂበት” የሚል ብጣሽ ወረቀት አብሮት ነበር። ጣልሁት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባላችሁ። አልጣልሁትም። ጠመቅሁበት፤ ዘመድ ጎረቤቱን ጠርቼ አጠጣሁበት። ጠላው ጥሩ ወጣ፤ ሰውም ከየት አገኘሽው እያለ ጌሾውን አመሰገነ።

ሰው “ምቀኛ አታሳጣኝ” ይላል። ምቀኛ ያለው ሰው ይበረታል ለማለት ነው መሰለኝ። ስንዱን እግዜር ምቀኛ አላሳጣትም፤ እውነትም በረታች። ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ከሌላው የበለጠ ነጥብ ይጠየቃል፤ ስለዚህ እንደገና ጀመረች። ስልጠና በተጠራ ቁጥር ውኃውን አቋርጣ ትመጣለች፤ አንዳንዴ ልጇን ለማየት ከተመደበላት ቀን ላይ ቀንሳ ነው የምትሠለጥነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሙያውን ትቶ ሌላ እንጀራ ይፈልግ ነበር። እኔ ራሴ በልቤ “ምነው በተወችው” ብዬ አውቃለሁ። ብትተወው ፊቷን አላይም ነበርና። “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይባላል፤ የእኔ እውነት ግን አምስት ዓመት አድሮ አልጠራም፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ።

ዘንድሮ ነጥቧ ሞላ። ኃላፊ ከሆንሁ ወዲህ የአካባቢውን ባለሙያዎች የስልጠና ማስረጃ መርምሬ የማረጋግጠው እኔ ነኝና ፋይሏ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አንድ በአንድ አየሁት። ውጤቷ በሁሉም ስልጠና ከላይ ነው። ንስሐ የገባ ሰው ቢሆን ያን ፋይል በደስታ ፈርሞ በሩጫ ያደርሰው ነበር። እኔ ከሌሎች ፋይሎች ሥር አደረግሁት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ፈረምሁ። እነዚህን አራት ቀናት ማንም አያውቃቸውም፤ ልተዋቸው እችል ነበር። የነገርኋችሁ ተጸጽታ ተለውጣለች እንዳትሉኝ ነው።

ስንዱ ወረቀቷን ልትወስድ መጣች። ተቀመጪ አልኋት። ከስታለች፤ ግንባሯ ላይ መስመር አውጥታለች። ልጅሽ እንዴት ናት አልኋት።

“ደኅና ናት፤ ስምንት ዓመት ሆናት እኮ! አደገችብኝ። ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ምን መሰለሽ እታለም? ‘እማ፣ መቼ ነው የምትሄጅው?’ ትለኛለች። ቀኑን ቁርጥ አድርጌ ካልነገርኋት አትስመኝም። እሑድ ነው ስላት፣ እሺ ትልና ትስመኛለች።”

ብላ ሳቀች። የእናት ሳቅ ነው፤ የልጇን ብልጠት እያወራች። እኔም አብሬአት ሳቅሁ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በሩ ተዘግቷል፤ ሌላ ሰው የለም፤ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይመጣም። አፌን ከፍቼም ነበር። “ይህን ይዘሽ ቶሎ ሂጂ፣ ቢሮው ሳይዘጋ” ብዬ ዘጋሁት። እጄን ስማ ወጣች።

ስንዱ ብነግራት ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ። ትንሽ ታለቅስና፣ “ተይው እታለም፣ ያለፈ ነው” ትለኛለች። ዝም ያልሁት ቁጣዋን ፈርቼ አይደለም፤ ያን ይቅርታ ከእሷ እጅ መቀበል ስላልቻልሁ ነው። በዚያም ትበልጠኛለች። ይህን እንኳ እቀናባታለሁ።

ስለዚህ ፍቱኝ አልላችሁም። ፈቃዷ ታደሰ፤ መወዳደር ትችላለች። የሚወዳደሩበት ቦታ ግን የለም። በከተማው ውስጥ ለእሷ የሚሆነው አንድ ቦታ ነው፤ እሱም የተያዘ ነው። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ብለቅ ነገ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ስንዱ ታገኘዋለች፤ ያቺ ልጅም እናቷን መቼ ትሄጃለሽ አትላትም። መልቀቂያ ለመጻፍ የሚያስፈልገኝ አንድ ገጽ ነው። እናንተን ለማናገር ይህን ሁሉ ገጽ ጽፌያለሁ፤ የጻፍሁትም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።